ከመውሊዱ ድግስ እስከ ካቶሊኩ አጥር

«ካቶሊክ» የሚለውን ቃል የሰማሁት ካቶሊክ የሆነ ሰው በዓይኔ ከማየቴ ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። የሰማሁትም ግራና ነው፤ ሰሜን ወሎ፣ ሐብሩ ወረዳ፣ ማሽላ በሚዘናፈልበት ቆላማ አገር። ቃሉ በእኛ ሰፈር የሃይማኖት መጠሪያ አልነበረም፤ ማስፈራሪያ ነበር። ልጅ ጾም ሲገድፍ፣ ጎረምሳ ቅዳሴ ሲያስታጉል፣ ከተማ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ማተቡን በጥሶ ሲገኝ፣ አሮጊቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ከድነው «ካቶሊክ ሆነ እንዴ?» ይባባሉ ነበር። ካቶሊክ ምን እንደሚያምን፣ እንዴት እንደሚጸልይ፣ በምን ቋንቋ እንደሚቀድስ ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። አለማወቃቸውም ፍርዳቸውን ለአንድ አፍታ አላዘገየውም።

እነዚሁ አሮጊቶች ግን መውሊድ ሲደርስ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ሙስሊሙ ጎረቤታቸው ጓሮ ይወርዱ ነበር። ሽንኩርት ይልጣሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ። ለክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፣ ለሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል፤ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ሳቁና ጨዋታው ግን አንድ ነው። የክርስቲያን ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሙስሊሙ ቃሬዛውን ተሸክሞ እስከ ቅጽሩ ይደርሳል፤ የሙስሊም ሬሳ ሲወጣ ክርስቲያኑ መቃብር ይቆፍራል። በኀዘን ጊዜ «አብሽር» የሚለውን ቃል ከየትኛው ሃይማኖት እንደ ወረስነው እንኳ አናስተውልም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ እኮራበታለሁም።

አንባቢ ሆይ፣ ጠቤ የሚጀምረው ከዚሁ ኩራት ላይ ነው። ክርስቶስን አምላክ ነው ከማይለው ጎረቤታችን ጋር በአንድ መደብ ተቀምጠን መብላት የቻልን ሰዎች፣ ክርስቶስን አምላክ ነው ብሎ፣ እናቱን ድንግል ማርያምን እመቤቴ ብሎ፣ በዚያው በግዕዝ ቋንቋ የሚቀድሰውን ሰው ደጅ ለመርገጥ ለምን ጉልበታችን ይከዳናል? ከሩቁ ጋር ሰላም፣ ከቅርቡ ጋር ጥርጣሬ የሆነው ስለ ምንድን ነው? «ወሎ የፍቅር አገር» እያልን ዘፍነናል፣ ጽፈናል፣ ግብዣ ላይ ተናግረናል። እኔ ግን ያ ፍቅራችን ከልምድ ብቻ የመጣ እንጂ ታስቦበት የተያዘ እንዳልሆነ አንድ ቀን በገዛ እግሬ ቆሜ አረጋገጥሁ። የቆምሁትም ከአንድ አጥር ውጭ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እምድብር አካባቢ ተወልዶ ያደገ፣ አዲስ አበባ በተማሪነት የተዋወቅሁት የጉራጌ ልጅ ወዳጅ አለኝ። ካቶሊክ መሆኑን ያወቅሁት ወዳጅነታችን ከጠና በኋላ ነው። አባቴ ያረፉ ጊዜ ይህ ሰው አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጉዞ ግራና ገባ። ፍትሐቱ ሲደርስ ከእኛ ጋር ቆመ፤ ቄሱ መስቀል ሲያሳልሙ ግንባሩን ሰጠ፤ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ሳር ላይ ተኛ። ማንም «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» አላለውም። እኔም አልተናገርሁም፤ ያንን ዝምታዬን ያን ጊዜ ጨዋነት ነው ብዬው ነበር። በ2021 ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን ይዞ ለወራት ስልክ ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ፣ መሥመሩ እንደ ተከፈተ ስለ እናቴ ደህንነት ለመጠየቅ መጀመሪያ የደወለልኝ እሱ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእሱ እናት ዐረፉ። ሌሊት ተነሥቼ ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ ሄድሁ። ለቅሶ ቤት ገባሁ፣ አለቀስሁ፣ ከሬሳው ኋላ ተከትዬ ተጓዝሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስንደርስ ግን እግሬ ቆመ። ሰው ሁሉ ገባ፤ እኔ ቀረሁ። ራሴን «ንስሐ አባቴ ቢሰሙ» አልሁት። «እናቴ ብትሰማ» አልሁት። ከውስጥ የሚመጣው ዜማ የማውቀው ዜማ ነበር፤ ከበሮውም የማውቀው ከበሮ ነበር፤ የሟቿን የክርስትና ስም ሲጠሩም ሰማሁ። ከአጥሩ ውጭ ከእኔ ጋር ቆመው የነበሩት በቅሎ የያዙ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ሙስሊም መሆናቸውን ነግረውኝ «አንተስ?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በተከታዩ ዓመት ለገና ዋዜማ ወዳጄን «ዛሬ ሌሊት አብሬህ እሄዳለሁ» አልሁት። አልደነገጠም፤ «ይበርዳል፣ ጋቢ ያዝ» ብቻ አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በግዕዝ ሥርዓት ወደሚቀደስበት አንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የካቶሊክ በዓል አገልግሎት ቆምሁ፤ ደግሞም ተቀመጥሁ፤ አግዳሚ ወንበር አለና።

የጠበቅሁት ምን ነበር? እውነቱን ልናገር። ኦርጋን፣ ላቲን፣ ፈረንጅ ቄስ። ያገኘሁት ምንድን ነው? ካህኑ በግዕዝ ጀመሩ፤ ዲያቆኑ በግዕዝ ተቀበሉ፤ ሕዝቡ በግዕዝና በአማርኛ እየተቀባበለ መለሰ። ጸናጽሉ ያው ጸናጽል ነው። ዜማው ቅዱስ ያሬድ ካለው ቤት የወጣ ዜማ ነው። ልጅ ሳለሁ በግራና ብርድ እንቅልፍ እየታገለኝ የሸመደድሁት ተሰጥዎ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዘወር ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። ከእሳቸው በላይ ድምፄ ይሰማ ነበር። ሰርቄ የገባሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የገባሁት የማውቀው ነገር ወዳለበት ቤት ነው። ካህኑ በጸሎታቸው መካከል የሮሙን ሊቀ ጳጳሳት ስም ሲጠሩ ብቻ ነበር «አዎ፣ ሌላ ቤት ነኝ» ያልሁት።

ልዩነቱን ልሸፋፍነው አልፈልግም። ጫማ አላወለቁም፤ ወንድና ሴት በአንድ አግዳሚ ተደባልቀው ተቀምጠዋል፤ በመቅደሱ አጠገብ በበረት አምሳል የተሠራ ግርግም ነበር፤ በውስጡም የተቀረጹ ምስሎች። ለእኔ፣ ከሥዕል በቀር ቅርጽ ለማያውቀው ዓይኔ፣ ያ ከበደኝ። ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ግን የእመቤታችን ምስል ነው፤ ዓይኗ ሰማያዊ፣ ጠጉሯ ወርቃማ። በግዕዝ እየቀደሱ፣ በያሬድ ዜማ እያመሰገኑ፣ የጌታን እናት የሚላን ሴት አስመስሎ ማቆም ምን የሚሉት ነገር ነው? ይህንን ለወዳጄም ነግሬዋለሁ። የጎንደርንና የጎጃምን ሠዓሊ እጅ ያየ ሕዝብ ከውጭ የመጣ የጀሶ ምስል አያስፈልገውም ብዬ ዛሬም እከራከራለሁ። እሱም «አንተ ካልገባህ ይህን ማን ይነግረናል?» አለኝ። መልሱ አናዶኝ ነበር፤ እያደር ግን ትክክል መሆኑ ገባኝ።

ቁርባን ሲደርስ ሰው ሁሉ ተነሣ። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ አጠገቤ ያሉት እናት፣ ሁሉም ተሰለፉ። በእኛ ዘንድ ሕፃናትና አረጋውያን ሲቆርቡ ሌላው ቆሞ እንደሚመለከት ስለማውቅ ይህ ደግሞ አስገረመኝ። በዚያ ረጅም አግዳሚ ላይ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። መቀበል አልነበረብኝም፤ አልተቀበልሁም። ወዳጄም ና አላለኝም። ከአጥር ውጭ ብቻዬን የቆምሁበትን ቀንና ከወንበሩ ላይ ብቻዬን የቀረሁበትን ሌሊት አስተያየሁ። የመጀመሪያው ፍርሃት ነበር። ሁለተኛው ግን እምነት ነው፤ ልዩነቴን ይዤ፣ ሰውን ሳላዋርድ መቀመጥ። ሁለቱን አምታትቶ አንድ የሚያደርግ ሰው ነው የዚህ ጽሑፍ ባላንጣ።

አሁን ወደ ክርክሩ።

አንደኛው ተቃዋሚ «የፈረንጅ ሃይማኖት ነው» ይለኛል። ይህን የሚለኝ ሰው የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ከሆነ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የምታነበው ፊደል መጀመሪያ በማተሚያ ቤት የታተመው የት ነው? ሮም ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮም መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳተመ። ቋንቋውን ያስተማረው ከኢየሩሳሌም የመጣ ቶማስ የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። በቫቲካን ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1548 እና 1549 በዚያው የኖረው የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ። እኛ በብራና ስንገለብጥ፣ የእኛው መነኮሳት በዚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ይለቅሙ ነበር።

ይህ ከወሎ ርቆ የተፈጸመ ታሪክ ከመሰለህ ደግሞ ስማ። ከዚህ ከእኛ ምድር፣ ከመካነ ሥላሴ፣ ከቀድሞው ቤተ አማራ የወጣ አባ ጎርጎርዮስ የሚባል ካህን ነበር። የኢየሱሳውያንን ትምህርት ተቀብሎ ስለ ነበር እነርሱ ሲባረሩ እሱም አገር ለቀቀ፤ ሮም ደርሶ በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ተቀመጠ። በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እዚያ አገኘው፤ በ1652 ደግሞ ጎታ ወደሚባለው ከተማ አስጠራው። ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ ስለ አማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ያሳተማቸው መጻሕፍት መሠረታቸው ይህ የወሎ ሰው አፍ ነው። አማርኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዋስው ተጽፎለት የታተመው አንድ ካቶሊክ የወሎ ካህን ከአንድ ሉተራዊ ጀርመናዊ ጋር ቁጭ ብሎ ቃል በቃል ስለ ተወያየ ነው። ጎርጎርዮስ የሥራውን ፍጻሜ አላየም፤ በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ተሰብሮ ባሕር በላው። አማርኛ እወዳለሁ የምትል ወዳጄ፣ ይህን ሰው «የፈረንጅ» ብለህ ልትሸኘው ነውን? እርሱን ትተህስ የቋንቋህን የትምህርት ታሪክ ከማን ልትጀምረው ነው?

ወደ ቅርቡ ዘመን ብንመጣም ያው ነው። ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው የዓለም የሕግ ሊቃውንት እንዲያነቡት ያደረጉት አባ ጳውሎስ ጻድዋ ናቸው፤ ትርጉሙ በ1968 አዲስ አበባ ታተመ። እኒህ ሰው ኋላ የአዲስ አበባ ካቶሊካውያን ሊቀ ጳጳሳት፣ በ1985 ደግሞ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል ሆነዋል። የአባቶቻችንን የሕግ መጽሐፍ ለዓለም ያስነበበው እጅ የካቶሊክ ካህን እጅ ነበር።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ከመጀመሪያው ይልቅ የከበደ ነው፤ አከብረዋለሁም። «ሱስንዮስን ረሳህ ወይ?» ይለኛል። አልረሳሁም፤ የሰሜን ወሎ ልጅ እንዴት ይረሳል? ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮምን እምነት በይፋ ተቀበለ። በ1625 ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነው ስብከት አልነበረም፤ አዋጅ ነበር። የተጠመቀው ዳግም እንዲጠመቅ፣ ካህኑ ዳግም ክህነት እንዲቀበል፣ ታቦቱ እንዲለወጥ፣ ቀኑና ጾሙ እንዲዛወር ተፈረደ። ከሁሉ ይልቅ የተነሣው የላስታ ሕዝብ ነው። ከ1629 ጀምሮ በመልክዐ ክርስቶስ እየተመራ ተዋጋ፤ በ1632 ሰኔ ወይና ደጋ ላይ በሺህ የሚቆጠር ገበሬ በአንድ ቀን አለቀ። ያሸነፈው ንጉሥ የወደቁት ሬሳዎች የገዛ ወገኖቹ መሆናቸውን ሲያይ ልቡ እንደ ተሰበረ ይተረካል። በዚያው ወር የቀደመውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ።

ስለዚህ የላስታ ገበሬ ለምን ሞተ? ይህን ጥያቄ በጥንቃቄ መመለስ አለብን። የሞተው ካቶሊክ የሚባል ሰው በምድር ላይ እንዳይኖር አይደለም። የሞተው ንጉሥ በኅሊናው ላይ እንዳያዝዝበት ነው። «አባቴ የጸለየበትን አልተውም፤ በጦር አስገድዳችሁ የምትሰጡኝን ጥምቀት አልቀበልም» ለማለት ነው። እንግዲህ የዚያ ገበሬ የልጅ ልጅ ነኝ የምል ሰው፣ ዛሬ ካቶሊክ ጎረቤቴን በሐሜት፣ በማንቋሸሽ፣ ቀብሩ ላይ ከአጥር ውጭ በመቆም የማስጨንቀው ከሆነ ከማን ወገን ነው የቆምሁት? ከላስታው ገበሬ ወይስ ከሜንዴዝ? ኅሊና የሚገደደው በጦር ብቻ አይደለም። የመንደር አፍም ያስገድዳል። ሱስንዮስን መጥቀስ የሚገባው ማስገደድን ለመጥላት ነው፤ እኛ ግን ለማስገደድ እንጠቅሰዋለን።

ደግሞስ ታሪኩን ለምን 1632 ላይ እንቆርጠዋለን? በ1638 ሁለት የካፑሲን መነኮሳት፣ አጋታንጅና ካሲያን፣ ጎንደር ላይ ተሰቀሉ። በእጃቸው ጦር አልነበረም። ጎጃም የበቀለው ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል መጽሐፍ ሲመረምር ኖሮ፣ በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ግብፅ ከሄዱት መልእክተኞች ጋር ተጉዞ፣ ኋላ ካቶሊክ በመሆኑ ታሰረ፤ በ1855 በሰንሰለት እንዳለ ሞተ። እርሱን ያስተማረው ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1839 አገራችን ሲገባ የሜንዴዝን ስሕተት አውቆ ነበር፤ የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ የአገሩን ቋንቋ ተምሮ፣ የግዕዙን ሥርዓት አክብሮ ነው የኖረው። አንዱን ስናነሣ ሌላውንም እናንሣ። ቂም የሚቆጠር ከሆነ በሁለቱም መዝገብ ይቆጠር።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ስለ ጣሊያን ያነሣል፤ ማንሣትም ይገባዋል። በጥቅምት 1935 የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር በካቴድራሉ ቆሞ ወረራውን እንደ ቅዱስ ተልእኮ አወድሷል። በ1936 መንበራቸው ደሴ የነበረው የወሎው ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። በ1937 የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ይህን የሚያስታብል ካቶሊክ ካለ ከእሱም ጋር እጣላለሁ፤ የሮም ቤተ ክርስቲያንም ለኢትዮጵያ ስለዚያ ዘመን ግልጽ የሆነ የይቅርታ ቃል ዕዳ አለባት ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ዕዳውን ከማን ነው የምንቀበለው? ሹስተር የእምድብር ሰው አልነበረም። ወዳጄ ሳር ላይ ተኝቶ ከአባቴ ድንኳን ያደረ ሰው ነው። የሚላንን ካቴድራል ስብከት ሒሳብ ከእናቱ ሬሣ ላይ ማወራረድ ፍትሕ አይደለም፤ አቡነ ጴጥሮስንም ማክበር አይደለም። እሳቸው የሞቱት ለወራሪ አልገዛም ብለው ነው፤ የአገራቸውን ልጅ ለማግለል አይደለም።

አራተኛው ተቃዋሚ በለሰለሰ ድምፅ «ቀኖና አለ፤ ከሌላ ጋር አብሮ መጸለይ አልተፈቀደም» ይለኛል። እዚህ ላይ እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ ቀኖናውንም አልነካውም። ቤተ ክርስቲያኔ የምሥጢራቷን ደጅ መጠበቅ መብቷ ነው፤ ለዚህም ነው ከወንበሬ ያልተነሣሁት። ሆኖም ቀኖናን የሚጠቅሰው ሰው ሁሉ ስለ ቀኖና ተጨንቆ አይደለም። ጾም የሚገድፈው፣ የጎረቤቱን ድንበር የሚገፋው፣ ወንድሙን ፍርድ ቤት የሚያንከራትተው ሰው አንድ ቀን ካቶሊክ ቀብር ሲደርስ ብቻ ቀኖና ትዝ ካለው፣ ያ ቀኖና አይደለም፤ መደበቂያ ነው። አባቶቻችን እንኳ ይህን ያህል አልፈሩም። ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስ በየካቲት 2016 ቫቲካን ድረስ ሄደው ከፖፕ ፍራንሲስ ጋር ተገናኝተዋል፤ ሁለቱ አባቶች ተቃቅፈው ሰላምታ ሲለዋወጡ ሃይማኖታቸውን የለወጠ አልነበረም። ፓትርያርኩ ሮም ደርሰው ሲመለሱ እኔ ከአንድ የገጠር አጥር ማለፍ አልቻልሁም።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ፣ ወደ ጸሐፊዎችና አንባቢዎች ልመለስ፤ ይህ ገጽ የእናንተ ነውና። በ2007 የሕዝብ ቆጠራ የካቶሊካውያን ቁጥር ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም፤ 0.7 ነው። ትንሽ ናቸው። በ2015 የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት ሲቋቋም ብዙዎቻችን አልሰማንም። ትንሽ መሆን ግን በድርሰት ውስጥ አለመኖር ማለት ነው ወይ? እኔ ካነበብኋቸው የአማርኛ ልብ ወለዶች ውስጥ የኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ቤት፣ ማዕዱ፣ በዓሉ፣ ኀዘኑ በውስጡ ካለ ሰው ዓይን ተስሎ ያየሁት የለም ብል አላጋነንሁም። ካቶሊክ የሚመጣው ጺሙ የረዘመ ሸረኛ መልእክተኛ ሆኖ ነው፤ ወይም ብስኩት የምታድል ፈረንጅ መነኩሲት ሆኖ ነው። በእምድብር ጎጆ፣ በኢሮብ ተራራ ስር፣ በአዲስ አበባ ጠባብ ኪራይ ቤት ውስጥ በግዕዝ ጸልዮ የሚያድረው ሰው ገጸ ባሕርይ ሆኖ አልተወለደም። ለምን? ጸሐፊዎቻችን ደጁ ላይ ቆመዋልና። ከአጥር ውጭ የቆመ ሰው የሚጽፈው ስለ አጥሩ ብቻ ነው።

«ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው» እያልሁ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱን ልፍስፍስ ንግግር እጠላለሁ። አንድ አይደለም፤ ያ ሌሊት ይበልጥ አሳይቶኛል። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተከራከሩት አባቶች በከንቱ አልተከራከሩም። እንዲያውም ከዚያ ሌሊት በኋላ የራሴን ቤተ ክርስቲያን ይበልጥ ማወቅ ግድ ሆነብኝ፤ ወዳጄ ለጠየቀኝ ለግማሹ ጥያቄ መልስ አልነበረኝምና። ለሃያ ዓመት በ«ካቶሊክ» ስም ስንፈራ የኖርነው ሰውን ብቻ አልነበረም፤ የራሳችንን አለማወቅ ጭምር ነው። የማይጠየቅ ሰው አለማወቁ አይገለጥበትም።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ ግራና ወረድሁ። ለእናቴ ሁሉንም ለመናገር ቆርጬ ነበር። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤቱ ተበትኖ፣ ሁለታችን ስንቀር ጀመርሁ። የገናውን ሌሊት ነገርኋት፤ ዝም ብላ ጀበናውን ታማስላለች። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ ስለ ቀብሩ፣ ስለ አጥሩ፣ በቅሎ ስለ ያዙት ሽማግሌ ነገርኋት። ያን ጊዜ ጀበናውን አስቀምጣ ቀና አለች።

«ያ አባትህን የቀበረው ልጅ?»

«አዎ፣ እማየ።»

«የእናቱ ቀብር ላይ ደጅ ቆምህ?»

«አንቺ እንዳትቆጪ ፈርቼ ነው።»

«እኔን ምክንያት አታድርገኝ!» አለች፤ እንዲህ ስትቆጣ ካየኋት ብዙ ዓመት ሆኗል። «ለቅሶ ደርሰህ ደጅ? ሦስት ቀን ሳር ላይ ተኝቶልህ? ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግሁት!» ጥቂት ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የገናው ነገር ግን የንስሐ አባትህ ዘንድ ይድረስ፤ እሳቸው ያሉህን ትሰማለህ። እኔ እሱን አላውቅም። ሴትዮዋ ስማቸው ማን ነበር?»

የክርስትና ስማቸውን ነገርኋት። ሁለት ጊዜ ደጋግማ በከንፈሯ አለችው፤ እንዳይጠፋት።

ሃያ ዓመት ሙሉ እናቴ ያቆመችው መስሎኝ የፈራሁት አጥር፣ ለካ አብዛኛው በእኔው እጅ የታጠረ ነበር። ንስሐ አባቴ ግን ተቆጥተውኛል፤ የሰጡኝንም ቀኖና ተቀብዬ ፈጽሜአለሁ። አልተከራከርኋቸውም፤ ያ በእኔና በእሳቸው መካከል ያለ ነገር ነው። ነገር ግን ወዳጄ ዳግም ለቅሶ ቢደርስበት፣ እግዚአብሔር ያርቅለትና፣ ከአጥሩ ውጭ አልቆምም። ይህን የምጽፈው ከእኔ ጋር ደጅ ለቆማችሁ ሁሉ ነው፤ ብዙ መሆናችሁን አውቃለሁ።